የብድር እንቅልፍ፦ ኢንዲካ ስለሚባለው ካናቢስ ለአጣዬና ለአካባቢዋ ሕዝብ የተሰጠ ትምህርት



ዛሬ የምናነሳው ተክል በስሙ ሲጠራ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ ቁጣ ነው፤ «የሰይጣን ቅጠል ነው፣ ነክቶት የዳነ የለም» ይላል። ሌላው ሹክሹክታ ነው፤ «ግዴለም፣ ይሄኛው ኢንዲካ ነው፤ ያረጋጋል፣ ያስተኛል፣ ጭንቅላት አይነካም» ይላል። ቁጣው ወጣቱን አያሳምነውም፤ ሞክሮ ምንም ያልሆነ ጓደኛ አለውና። ሹክሹክታው ግን ያሳምነዋል፤ የሚፈልገውን ነገር በስሙ ጠርቶ ይነግረዋልና። ስለዚህ የዛሬው ሥራዬ ሹክሹክታውን ወደ አደባባይ አውጥቶ መመርመር ነው። ኢንዲካ ምንድን ነው? ያስተኛል የሚባለውስ ምን ያህል እውነት ነው? የሚሰጠው እንቅልፍስ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው?

ይህን ጥያቄ በአጣዬ ማንሳት ሌላ ቦታ እንደማንሳት አይደለም። በእኛ 2013 መጋቢትና ሚያዝያ ይህች ከተማ ተቃጥላለች። በ2014 ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት የደሴን መንገድ ይዞ እስከ ሸዋ ሮቢትና ከዚያም ወዲያ ወርዷል። ቤቱ ተሠርቶ ቆርቆሮው ቢመታለትም ሌሊቱ ያልተጠገነለት ሰው ብዙ ነው። ውሻ ሲጮህ የሚነቃ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ያ ቀን የሚመጣበት ወጣት በዚህ አዳራሽ ውስጥም አለ። እንዲህ ላለ ሰው «ያስተኛል» ከሚል ቃል የሚጣፍጥ ነገር የለም። ሻጩም ይህን ያውቃል።

ከተክሉ እንነሳ። ከዚህ በኋላ «በእኛ» ካላልኩ በቀር ዓመቱን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ1753 ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ይህን ተክል ካናቢስ ሳቲቫ ብሎ መዘገበው፤ እሱ የሚያውቀው አውሮፓ ውስጥ ለገመድና ለሸራ የሚዘራውን ቃጫ ነበር። በ1785 ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ላማርክ ከሕንድ የመጣለትን ናሙና መርምሮ ይህ የሚያሰክር ነው፣ ሌላ ዝርያ ነው አለና ካናቢስ ኢንዲካ፣ ማለትም የሕንዱ ካናቢስ፣ ብሎ ሰየመው። ዛሬ ገበያው ኢንዲካ የሚለው ግን ላማርክ ያየውን አይደለም። በአፍጋኒስታንና በፓኪስታን መካከል ከተዘረጋው ከሂንዱ ኩሽ ተራራ የመጣውን፣ ሐሺሽ የሚባለው ሙጫ የሚሠራበትን አጭር ተክል ነው። ዘሩ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተወስዶ ከሌሎች ጋር ከተዳቀለ በኋላ የአፍጋኑ ባሕርይ ያየለበትን ሁሉ «ኢንዲካ የሚያመዝንበት» ይሉት ጀመር።

መልኩን ለማወቅ አገሩን ማሰብ ይበቃል። ሂንዱ ኩሽ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ራቅ ያለ፣ በጋው አጭር፣ ብርዱ ፈጥኖ የሚመጣ አገር ነው። እዚያ የሚበቅል ተክል ለቁመት ጊዜ የለውም። ቁመቱ ከሰው ብዙም ሳይበልጥ ቶሎ ያብባል፣ ቅርንጫፉ ይጠቀጠቃል፣ ቅጠሉ ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፣ አበባው ጠጥሮ በሙጫ ይሸፈናል። ወደ ምድር ወገብ በቀረበው አገር ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ስለሆነ ተክሉ አይቸኩልም፤ ይመዘዛል፣ ቅጠሉ ይቀጥናል፣ ዘግይቶ ያብባል። ሻሸመኔ አካባቢ ስሙ የሚነሳው የአገራችን ጋንጃ ከዚህኛው ወገን ነው። እንግዲህ በአንድ የመንደር ጥግ «ኢንዲካ ነው» ተብሎ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር የተሰጠው ልጅ ምን እንደተሰጠው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቅጠሉ ከደቀቀ በኋላ ሻጩ ራሱ አያውቅም።

ስሙ እውነት ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሳይንስ ግልጽ ነገር ይላል። በ2015 የካናዳ ተመራማሪዎች የብዙ ካናቢስ ዝርያዎችን የዘር ውርስ ሲመረምሩ ኢንዲካና ሳቲቫ የሚለው የገበያ ስም ከእውነተኛው የዘር ሐረግ ጋር እምብዛም እንደማይገጥም አገኙ። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ6 የአሜሪካ ግዛቶች በሕጋዊ መንገድ ከተሸጠው ውስጥ ወደ 90,000 የሚጠጉ ናሙናዎችን ኬሚስትሪ ተመልክቶ፣ ኢንዲካ የተባለውም ሳቲቫ የተባለውም በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር በስሙ እንደማይለይ አሳየ። የእኛ የይፋት ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ገበያ ላይ በጆንያ የተቀመጠ የማሽላ ዘር ሻጩ በሰጠው ስም አይበቅልም። ያውም እነዚያ አገሮች ላቦራቶሪ፣ ፈቃድና የእሽግ ጽሑፍ ያላቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ያለው የሰው አፍ ብቻ ነው።

ታዲያ ሥራውን የሚሠራው ምንድን ነው? እንስቷ ተክል አበባዋ ላይ ዓይን በማይለያቸው ጥቃቅን እጢዎች ሙጫ ታመነጫለች። በሙጫው ውስጥ ካሉት ከ100 የሚበልጡ የአንድ ቤተሰብ ንጥረ ነገሮች ውስጥ ሁለቱን እንያዝ። አንደኛው ቲ.ኤች.ሲ. ነው፤ በ1964 እስራኤል ውስጥ ራፋኤል መሹላም እና ይሒኤል ጋኦኒ ለይተው ያወጡት፣ የሚያሰክረው እሱ ነው። ሁለተኛው ሲ.ቢ.ዲ. አያሰክርም። ሽታውን የሚሰጡት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ ከነሱ አንዱ ሚርሲን ይባላል፤ ማንጎ ውስጥም ጠጅ ሳር ውስጥም ይገኛል። የኢንዲካ አሞጋሾች እንቅልፉን የሚያመጣው ሚርሲን ነው ይላሉ። አይጥ ላይ በብዙ መጠን ሲሰጥ የማፍዘዝ ባሕርይ ታይቶበታል፤ አንድ ሰው በሚያጨሰው መጠን ሰውን እንደሚያስተኛ ግን አልተረጋገጠም። ሰውየውን የሚያፈዝዘው በአብዛኛው የቲ.ኤች.ሲ. መጠን ነው፤ ከዚያ የሰዓቱ መምሸት፣ የሰውነቱ ድካም፣ «ያስተኛል» ተብሎ የተነገረው ተስፋ ይጨመርበታል።

የቲ.ኤች.ሲ. መጠን ደግሞ ባለበት አልቆመም። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ከያዘው ላይ በተደረገ የረጅም ዘመን ምርመራ በ1995 ከመቶ 4 ገደማ የነበረው በ2014 ከመቶ 12 ገደማ ደርሷል። ሙጫ እንዲበዛባቸው ተመርጠው የተዳቀሉት ዝርያዎች ለዚህ ጭማሪ ድርሻ አላቸው። «አባቶቻችንም ያውቁት ነበር» የሚል ሰው ካለ፣ የዛሬው ተክል የአባቶቹ ተክል አይደለም።

አባቶቻችን ግን በእርግጥ ያውቁት ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። በጣና ሐይቅ አካባቢ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ቦታ አለ፤ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ የተለየ ነው። በዋሻው ቁፋሮ ሲደረግ የሸክላ ማጨሻ ራሶች ተገኙ። ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ የተባለ ተመራማሪ በሁለቱ ላይ የቀረውን ጥላሸት በኬሚስትሪ መርምሮ የካናቢስ ቅሪት እንዳለበት በ1975 አሳተመ። ዘመኑ 1320 ገደማ ነው፤ ትምባሆ ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ከመምጣቱ ከ200 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን መሬት ተመለሱ። በዚያው በ14ኛው መቶ ዓመት አል ዑመሪ የተባለው የደማስቆ ተወላጅ ጸሐፊ ስለ ይፋት ሱልጣኔት ሲጽፍ የይፋት ሰዎች ጫት የሚባል ቅጠል እንደሚበሉ፣ ቅጠሉ አእምሮን እንደሚያነቃና እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና የሥጋ ፈቃድን እንደሚቀንስ መዝግቧል። የየመኑ ንጉሥም ስለዚህ ቅጠል ሲነገረው፣ ከነዚህ ደስታዎች ሌላ በዓለም ምን ቀረልኝ ብሎ እንደተወው ይተርካል። የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕልም የይፋቱ ሰብር አድ ዲን በ1332 ሲነሳ በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱን ጽፏል። ስለዚህ እኛ የተቀመጥንበት ምድር በዓለም ላይ ስለ ጫት ከተጻፉት የመጀመሪያ ጽሑፎች ውስጥ ያለ ምድር ነው። አንቂው ተክል በይፋት፣ አፍዛዡ ተክል በጣና ዳር፣ በአንድ ዘመን ነበሩ ማለት ነው። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ልጅ ሰውነት ውስጥ በአንድ ቀን ይገናኛሉ፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይህ ነው።

እንዴት እንደሚገናኙ ታውቃላችሁ። ልጁ ከምሳ በኋላ በርጫ ይቀመጣል። ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃዋል፤ ይመረቅናል፤ ወሬው ይጥማል፣ ሐሳቡ ይበዛል። ምሽት ላይ ምርቃናው ሲወርድ ይከፋዋል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል። ያኔ ጨብሲ ይፈለጋል። ለብዙው ሰው ጨብሲ ቢራ ወይም አረቄ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ በትምባሆ የተቀላቀለ ጋንጃ። በማግስቱ ደንዝዞ ይነሳል፤ ለመንቃት ጫት ያሻዋል፤ ጫቱን ለመስበር ማታ ጋንጃ። አንዱ የሌላውን ገበያ ያሰፋል። ልቡም በሁለቱ መካከል ይጎተታል፤ ጫት የልብ ምትን ያፋጥናል፣ ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር ካናቢስም ያፋጥናል። «ያረጋጋል» የተባለው ነገር ሐሳብን ቢያለዝብም ልብን በደቂቃዎች ውስጥ ያስሮጣል። ደረቱን ይዞ «ልሞት ነው» ብሎ የሚጮኸው ጀማሪ የሚጮኸው ባብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

በጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1988 አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዴቫን አንጎል ውስጥ ቲ.ኤች.ሲ. የሚያርፍበትን መቀበያ አገኙ። በ1992 ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ለዚያ መቀበያ የሚያመርተው ንጥረ ነገር ተገኘ፤ አናንዳማይድ ተባለ። ሰውነት እሱን በጥቂቱ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ለአጭር ጊዜ ይለቀዋል። ቲ.ኤች.ሲ. ግን ሁሉንም ባንዴ ይይዛል፣ ለሰዓታትም ይቆያል። መቀበያዎቹ የሚበዙት አዲስ ነገር በሚያዝበት፣ እንቅስቃሴ በሚመራበትና ፍርሃት በሚመዘንበት የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ ልጁ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ይረሳል፣ ጊዜ ይረዝምበታል፣ እጁ ይዘገያል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ይርበዋል፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል። ትንፋሽን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ላይ መቀበያዎቹ ጥቂት ስለሆኑ፣ ካናቢስ ብቻውን እንደ ሄሮይን ትንፋሽ አቋርጦ መግደሉ እምብዛም አይታይም። ይህን የምናገረው እውነት ስለሆነ ነው፤ በተጋነነ ነገር ያስፈራራነው ልጅ እውነተኛውን አደጋ ስንነግረውም አያምነንም።

ሲጨስ በደቂቃዎች ይጀምርና ከ2 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ይበርዳል። ሲበላ ግን እስከ 2 ሰዓት ሊዘገይ፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ሊቆይ ይችላል። በብስኩት የበላ ሰው «ምንም አልሠራም» ብሎ ደግሞ በልቶ የሚወድቀው ለዚህ ነው። የአዲስ አበባ ደሴን መንገድ በሌሊት የምትነዱ ሾፌሮች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ስካሩ የወጣ ሲመስላችሁም የእጅና የዓይን ቅንጅት ገና አልተመለሰም። ለመንቃት ጫት፣ ለመረጋጋት ጋንጃ ይዞ የጣርማበርን ቁልቁለት መውረድ ራስንም ተሳፋሪንም አሳልፎ መስጠት ነው።

አሁን ወደ እንቅልፉ ልመለስ፤ የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ነውና። ጋንጃ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቶሎ ያስተኛል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳንሳል። መጥፎ ሕልም የሚያሳድደው ሰው ይህን እንደ ምሕረት ይቆጥረዋል። ሳምንታት ሲያልፉ ሰውነት ይለምደዋል፤ ያው መጠን አያስተኛውም፣ ይጨምራል። አንድ ቀን ሲያቆም ወይም ሲያጣ የታገደው ሕልም በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሕልሙ ይከብዳል፣ ሰውየው ይነጫነጫል፣ ምግብ ይዘጋዋል። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፣ አብዛኛውም በ2 ሳምንት ገደማ ይቀላል። ልጁ ግን ይህን የነገረው የለም። «ይኸው፣ ያለ ጋንጃ መተኛት አልችልም፤ የሚያክመኝ እሱ ነው» ብሎ ይመለሳል። ያጣውን እንቅልፍ የወሰደበት ራሱ አበዳሪው መሆኑን አያይም። በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ሙከራ ከጦርነት የተረፈ የመንፈስ ቁስል ያለባቸውን የቀድሞ ወታደሮች በተለያየ የካናቢስ ዓይነትና በባዶ ማስመሰያ አነጻጽሮ ነበር፤ ካናቢሱ ከባዶው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

ከእንቅልፍ የሚከፋው አእምሮ ሲታመም ነው። በ1969 እና በ1970 ለውትድርና የተመዘገቡ ከ45,000 በላይ የስዊድን ወጣቶች ለ15 ዓመት ያህል ሲከታተሏቸው፣ ካናቢስ ከ50 ጊዜ በላይ ተጠቅመናል ካሉት ውስጥ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የያዛቸው ካልተጠቀሙት 6 እጥፍ ገደማ ሆነ። በ2019 በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች የተደረገ ጥናት ደግሞ በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም፣ የሚይዘው ከማይጠቀመው 3 እጥፍ፣ ብርቱ የሆነውን በየቀኑ የሚጠቀም 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። በእርግጥ የሚያጨስ ሁሉ አያብድም፤ አብዛኛው አያብድም። ነገር ግን በቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበትና በ14 ወይም በ15 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ከሌላው የበለጠ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። አንጎል እስከ 25 ዓመት አካባቢ ገና እየተሠራ ነው። ሱስም እንዲሁ ነው፤ ከሞከሩት ውስጥ ከመቶ 9 ገደማው ይያዛል፤ በጉርምስና ከጀመሩት ግን ከመቶ 17 ገደማ። «ኢንዲካ ነው» የሚለው ስም ከነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አይቀንስም።

ሕጉን ባጭሩ ልለፍ። ኢትዮጵያ የ1961ዱን የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ከ1965 ጀምሮ ተቀብላለች፤ በእኛ 1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 መትከልን፣ መያዝን፣ መሸጥንና መጠቀምን ይቀጣል። ሌሶቶ በ2017 ለመድኃኒት እርሻ ፈቃድ ሰጥታለች፤ በ2018 የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አዋቂ ሰው በግሉ መጠቀሙ ወንጀል አይደለም ብሏል፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ከሲ.ቢ.ዲ. የተሠራ መድኃኒት ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ ፈቅዳለች። ወጣቶች ይህን በስልካቸው ያነቡና «ዓለም መድኃኒት ነው እያለ ነው» ይላሉ። የተፈቀደው ያ መድኃኒት ግን የማያሰክረው ክፍል ተጣርቶ፣ ተመዝኖ፣ በሐኪም የሚሰጥ ነው፤ ከተጠቀለለው ወረቀት ጋር የሚያገናኘው የትውልድ ተክሉ ብቻ ነው። ስለ ቅጣቱ የግሌን ሐሳብ ልናገር፦ የሸዋ ሮቢት ሰው ማረሚያ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ለማትረፍ የሚሸጠውና እንቅልፍ ያጣው ልጅ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በመንገድ ላይ ላንሳ። በየመንገዱ ዳርና በየፍርስራሹ የሚበቅል፣ ነጭ የመለከት አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው አስተናግር አለ፤ አጤፋሪስ የሚሉትም አሉ። ካናቢስ አይደለም። ፍሬው ዓይንን ያፈጥጣል፣ ሰውነትን ያግላል፣ ያቃዣል፣ ሊገድልም ይችላል። ጋንጃ ሲጠፋ እሱን የሚሞክር ልጅ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ምን እናድርግ ለምትሉኝ፦ ጋንጃ አጭሶ የተሸበረ ልጅ ብታገኙ አትቆጡት፣ አትምቱት። ጸጥ ወዳለ ቦታ ወስዳችሁ ውኃ ስጡት፤ በሰዓታት ውስጥ እንደሚያልፍ ደጋግማችሁ ንገሩት፤ ቡናም ጫትም አልኮልም አትጨምሩበት፤ ብቻውን አትተዉት። ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ከሳተ፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ወይም ሕፃን ልጅ ሳያውቅ በልቶ ከሆነ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ስካሩ ካለፈ ከአንድ ቀን በኋላም ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ወይም ቤተሰቡን ከጠረጠረ፣ ያ የአእምሮ ሕክምና የሚሻ ነገር ነው፤ ከጤና ጣቢያ ተነስቶ አስፈላጊ ከሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መንገድ አለው። ጸበል የምትወስዱ ወይም ዱዓ የምታስደርጉ ቤተሰቦች፣ ውሰዱ፣ አስደርጉ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አታስቋርጡት።

ማቆም የፈለገ ልጅ ደግሞ ጫቱንና ጋንጃውን አብሮ ያስብ፤ ጫቱን ከቀትር በኋላ መተው ብቻውን የማታውን ጨብሲ ያቀልለታል። ቢተኛም ባይተኛም ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሳ፣ ቀን አይተኛ። ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት መሆኑን ቤተሰቡ አስቀድሞ ይወቅ፤ በነዚያ ሌሊቶች ወንድም ወይም ጓደኛ አብሮት ይደር። ሦስተኛው ሳምንት ገብቶ ሕልሙ ካልቀለለ ጤና ጣቢያ ሂዱና «እንቅልፍ አጣሁ» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። በሕልማችሁ የምታዩትን፣ በእኛ ከ2013 ጀምሮ የሚመጣባችሁን፣ እሱን ንገሩ። ለእሱ የሚሰጥ ሕክምና አለ፤ ባለሙያው ሊሰጣችሁ የሚችለው ግን ስትነግሩት ነው።